ማሪያ ካለፈች በኋላ፦ የፖርቶ ሪኮ ጎረቤቶች የተሸከሙት

እኛ አዲሱን 2010 ዓ.ም. ከተቀበልን ገና አሥረኛው ቀን ነበር። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚሁ ናቸው) ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ «ማሪያ» የሚል ስም የተሰጣት ሀሪኬን በአሜሪካ ሥር ባለችው በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ያቡኮዋ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በኩል ወደ የብስ ገባች። የነፋሷ ፍጥነት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ደሴቲቱን ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሰንጥቃ ለመውጣት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ሲመሽ 3.3 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት ምድር ከዋናው መስመር መብራት የሚያገኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ አደጋ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የነፋሱ ጉልበት ነው፤ ጣሪያ የገነጠለው፣ የሙዙን እርሻ መሬት ላይ ያነጠፈው፣ አረንጓዴውን ተራራ ሁሉ ቅጠል አልባ ያደረገው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሰው በብዛት ያለቀው ግን ነፋሱ ካለፈ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ተራው ሰው በራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ የታየው በእነዚያ ወራት ነው፤ ምን ማድረግ እንደማይችል የታየውም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያወድስ ሰው ሁለተኛውን ይሸፍናልና።

በመሀል ደሴቲቱ ባሉት ተራራማ ወረዳዎች፣ በኡቱዋዶ፣ በአድሁንታስ፣ በኦሮኮቪስ፣ መንገዱ ሁሉ በወደቀ ዛፍ፣ በናዳና በተዘረረ የመብራት ምሰሶ ተዘግቶ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ገጀራና የሞተር መጋዝ የያዙ ሰዎች ወጡ። ውጡና ሥሩ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ ትእዛዝ የሚተላለፍበት መንገድም አልነበረም፤ ከመቶ የሞባይል ማማዎች 95ቱ ሥራ አቁመዋል። ሰዎቹ ከየደጃቸው ጀመሩ። እስከ ጎረቤት፣ ከጎረቤት እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ አስፋልቱ እየቆረጡና እየገፉ ሄዱ። በብዙ መንደር ከውጭ የመጣ የመጀመሪያ ረዳት የደረሰው ነዋሪው ራሱ በከፈተው መንገድ ነው።

አደጋን ለሚያጠኑ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ በኋላ ወደ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው የአደጋ ምርምር ማዕከል፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑትን ሶሲዮሎጂስቱን ኤንሪኮ ኳራንቴሊን ጨምሮ፣ ለአሥርተ ዓመታት የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ሥፍራዎችን ሲመረምር ኖሯል። ያገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከሚያምነው ተቃራኒ ነው። አደጋ የደረሰበት ሕዝብ አእምሮውን ስቶ እርስ በርሱ ሲረጋገጥ የሚታየው በፊልም ነው፤ በሜዳ ላይ ብርቅ ነው። ሰውን ከፍርስራሽ ሥር ፈልጎ የሚያወጣው በአመዛኙ በአቅራቢያው ያለ ዘመድና ጎረቤት ነው። የሠለጠነው ቡድን እስኪደርስ የሚተርፈው ተርፏል።

እንዲህ ተጠንቶም የሕዝብ ድንጋጤ ተረት አልጠፋም፤ ዋጋም ያስከፍላል። በ2005 ሀሪኬን ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች በኋላ በሱፐርዶም ስታዲየም ውስጥ ሰው እየተገደለ፣ ሕፃናት እየተደፈሩ ነው የሚል ወሬ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ሲጣራ አብዛኛው መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ። እስኪጣራ ግን ከንቲባው ሰው በማዳን ላይ የነበሩ ፖሊሶችን ከጎርፉ አስወጥተው ዘረፋ እንዲከላከሉ አዘዋል፤ በአጎራባቿ ግሬትናም ፖሊሶች በድልድዩ በእግር ሊሻገሩ የመጡትን ሰዎች መሣሪያ ይዘው መልሰዋቸዋል። ከተመለሱት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲደጋገፍ ሹሞቹ ሕዝቡን ፈሩ፤ በኒው ኦርሊንስ የደነገጠው ወንበሩ ላይ ያለው ነበር።

ወደ ፖርቶ ሪኮ ልመለስ። ስልክና ኢንተርኔት ሲጠፋ ደሴቲቱን ያገናኘው ሬዲዮ ነው። ዋፓ የተባለው የኤኤም ጣቢያ በመላው ደሴት መሰማት የቻለ ብቸኛው ጣቢያ ሆኖ ቀረ። ሰዎች መንገድ እንደምንም አቋርጠው ወደ ጣቢያው እየመጡ የዘመዶቻቸውን ስምና የሚኖሩበትን መንደር ያስነግሩ ነበር፤ እኔ ደህና ነኝ፣ እናንተስ እያሉ። በአውራ ጎዳናው ዳር ደግሞ ሲግናል ተገኘበት በተባለ ቦታ ሁሉ መኪኖች ተደርድረው፣ ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይቆማል። በኦርላንዶ፣ በኒው ዮርክ፣ በቺካጎ ያሉት ልጆቻቸው በበኩላቸው ቀን ከሌሊት ይደውላሉ፤ አይነሳም። የሀገር ቤት መስመር ተዘግቶበት ለሳምንታት የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ የቆየ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከዚያ ሰልፉ መጣ። ለቤንዚን ሰልፍ፣ ለኤቲኤም ሰልፍ፣ ለውሃ ሰልፍ፣ ለበረዶ ሰልፍ። መብራት ስለሌለ ካርድ አይሠራም፤ ካርድ ስለማይሠራ ገበያው ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ሆነ፤ ባንኩ ደግሞ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ አይከፈትም። የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚሰጠውም በካርድ ነበርና በጣም ደሃው ሰው መጀመሪያ ባዶ እጁን ቀረ። የበረዶው ሰልፍ ለውጭ ሰው የቅንጦት ይመስላል። በሰልፉ ከቆሙት ግን ኢንሱሊን የሚወስድ ቤተሰብ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ከሞቀ ይበላሻል፤ በረዶው ደግሞ በማግስቱ ይቀልጣል። ስለዚህ በማግስቱ እንደገና ሰልፍ። ጄኔሬተር ያለው ሰው ገመድ ስቦ ለጎረቤቱ ፍሪጅ መስጠት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የሦስትና የአራት ቤት መድኃኒት ተቀመጠ።

ምግቡን በተመለከተ ስሙ በዓለም የታወቀው ሼፍ ሆሴ አንድሬስና ድርጅታቸው ወርልድ ሴንትራል ኪችን ናቸው፤ ከአካባቢው ወጥ ሠሪዎች ጋር ሆነው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሳህን ምግብ አቅርበዋል። ትልቅ ሥራ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ካሜራ ብዙም ያልጎበኘው የጋራ ወጥ ቤት ነው። በኡማካኦ አውራጃ ማሪያና በምትባል ኮረብታ ላይ ሴቶች ድስት ጣዱ፤ መንደሩ እዚያ መብላት ጀመረ፤ ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ ተጨመረ፣ ከዚያም የፀሐይ ኃይል። በካጉዋስ ከተማ ወጣቶች ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የመንግሥት ቢሮ ሰብረው ገቡ፣ ጠረጉት፣ ወጥ ቤት አደረጉት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ2013 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለተራበ ተማሪ የጋራ ምግብ ያዘጋጁ የነበሩ ናቸው። ደንባቸው አጭር ነው፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ ያዋጣል፣ እህል ያለው እህል ያመጣል፣ ሁለቱም የሌለው ሳህን ያጥባል ወይም ሽንኩርት ይልጣል። እንደ ምጽዋት ተቀባይ አንገቱን ደፍቶ የሚበላ የለም። በእድር ያደገ ሰው የዚህ ደንብ ጥበብ ወዲያው ይገባዋል፤ እድርተኛ ቢቸግረው መዋጮው ይዘገያል እንጂ ድንኳን ተከላው ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ በዚያም ክብሩ ይጠበቃል።

ይህ ዝግጅት በአንድ ጀንበር አልተፈጠረም። በአድሁንታስ የሚገኘው ካሳ ፑዌብሎ የተባለው የማኅበረሰብ ማዕከል በ1980 የተመሠረተው በተራራው ላይ ሊከፈት የነበረውን የመዳብ ማዕድን ለመቃወም ነው። ከ1999 ጀምሮ በራሱ ሶላር ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ማሪያ ካለፈች በኋላ ከተማው ሁሉ ሲጨልም ያ ቤት በራ። መተንፈሻ ማሽን የሚጠቀሙ ሰዎች ማሽናቸውን ይዘው መጡ፤ ስልክ ባትሪ የሚሞላው መጣ፤ በፀሐይ የሚሠሩ ፋኖሶች በሺዎች ታደሉ። ማዕከሉ በቀጣዮቹ ወራት ሶላሩን ወደ ፀጉር ቤት፣ ወደ ሰፈር ሱቅ፣ ፍሪጅ ወደሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ቤት ወሰደው። ሰው በመከራ ቀን የሚደርስለት አስቀድሞ የሚተዋወቀው ነው። በኡቱዋዶ ሪዮ አባሆ በምትባል መንደር ብቸኛው ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ነዋሪዎቹ ከወንዙ ማዶ ለማዶ ገመድ ወጠሩ፤ በመዘውሩ ላይ የሱፐርማርኬት ጋሪ አንጠለጠሉ፤ ውሃውንም ሩዙንም መድኃኒቱንም በዚያ አሻገሩ። ሰፈራቸውን «የተረሱት ካምፕ» ብለው በጽሑፍ አሳወቁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የሳን ሰባስቲያን ታሪክ ነው። ከተማዋ በሰሜን ምዕራብ ያለች ናት። ወራት አልፈው መብራት አልመጣም። ከንቲባው ጡረታ የወጡ የመብራት ኃይል ሠራተኞችን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ኤሌክትሪሺያኖችና ፈቃደኞችን ሰበሰቡ፤ ቡድኑንም በከተማዋ ቅጽል ስም «ፔፒኖ ፓወር ኦቶሪቲ» አሉት። ሽማግሌዎቹ ምሰሶ ላይ ወጡ፣ የተበጠሰውን ቀጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አበሩ። ከዚያ አስቀድሞ የደሴቲቱ የመብራት ኃይል ድርጅት አውሎ ነፋሱ በገባ ዕለት ሁለት ቋሚ ሠራተኞች ብቻ ለነበሩት የሞንታና ኩባንያ የ300 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ ነበር። ውሉ ጩኸት ሲበዛበት በኦክቶበር መጨረሻ ተሰረዘ። በአሜሪካ የመብራት ድርጅቶች በአውሎ ነፋስ ጊዜ ሠራተኛና መኪና የሚላላኩበት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ድርጅቱ ይህን እርዳታ በይፋ የጠየቀው ውሉ ከተሰረዘ በኋላ፣ አደጋው ከደረሰ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው።

ጉድለቱ በአንድ ውል የሚያበቃ አይደለም። ድርጅቱ ገና ከማሪያ በፊት፣ በጁላይ 2017፣ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ በኪሳራ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ምሰሶው ያረጀ፣ ዛፉ ያልተገረዘ፣ ባለሙያው ጥሎ የሄደ ነበር። ከማሪያ ሁለት ሳምንት ቀድማ በሰሜን በኩል ያለፈችው ሀሪኬን ኢርማ ብቻዋን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን አጨልማለች። የፖርቶ ሪኮ ሰው ከ1917 ጀምሮ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ በደሴቲቱ እስከኖረ ድረስ ግን ፕሬዚዳንት አይመርጥም፣ በኮንግረስም ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። ማንም በድምፁ የማይቀጣው ባለሥልጣን ምን ያህል እንደሚቸኩል በእነዚያ ወራት ታይቷል።

አሁን ወደ ሞቱት ሰዎች እንምጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኦክቶበር 3 ደሴቲቱን ሲጎበኙ የሟቾች ቁጥር 16 እንደሆነ ጠቅሰው ከካትሪና ጋር እያወዳደሩ ተመጻደቁ። በዚያው ምሽት ቁጥሩ 34 ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ 64 ደርሶ ቆመ፤ ለስምንት ወራት ያህልም መንግሥት ከዚያ ንቅንቅ አላለም። በመንደሩ ያለው ሰው ግን ቀብር ላይ ነበር፤ ማን እንደሞተና ለምን እንደሞተ ያውቃል። ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን የቆመበት አረጋዊ፣ የኩላሊት እጥበት ያመለጠው ሕመምተኛ፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት የስኳር ሕመምተኛ፣ የወንዝ ውሃ ጠጥቶ በአይጥ ሽንት በሚተላለፍ በሽታ ያተኮሰው ጎልማሳ። በሞት የምስክር ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው «የልብ ድካም»፣ «ኢንፌክሽን» ነው፤ ሐኪሙ የአውሎ ነፋሱን ስም እንዲጽፍ አልሠለጠነም።

በሜይ 2018 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 3,299 ቤቶችን አንኳኩተው ጠይቀው ጥናታቸውን አወጡ። እስከ 2017 መጨረሻ በነበረው ጊዜ አንድ ቤተሰብ በአማካይ 84 ቀን ያለ መብራት፣ 68 ቀን ያለ ውሃ፣ 41 ቀን ያለ ስልክ ቆይቷል። ከሟቾቹ ሲሶ ያህሉን ቤተሰቦቻቸው ሕክምና በመዘግየቱ ወይም በመቋረጡ ነው ያጣናቸው አሉ። የጥናቱ ግምት 4,645 ሟቾች ነበር፤ የናሙናው ስፋት ግን ትልቅ ጥርጣሬ የሚተው ነበርና በቁጥሩ ላይ ክርክር ተነሳ። ክርክሩ በባለሙያዎች መካከል ሲካሄድ ሕዝቡ የራሱን ቆጠራ ጀመረ። ጁን 1 ቀን ሰዎች የሟቾቻቸውን ጫማ ይዘው ሳን ሁዋን በሚገኘው ምክር ቤት ፊት ለፊት አስቀመጡ፤ የሕፃን ጫማ፣ የቤት ነጠላ ጫማ፣ የወታደር ቦት። ብዙዎቹ ላይ ስምና ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት ነበረባቸው። በኦገስት 28 የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 2,975 የሚል ቁጥር አቀረበ፤ መንግሥትም ተቀበለው። ከ64 ወደ 2,975። በደሃ ወረዳዎች የነበረው የመሞት አደጋ 45 በመቶ ከፍ ያለ ነበር፤ በእነዚህ ወረዳዎችና በአረጋውያን ወንዶች ላይ አደጋው ጥናቱ እስካበቃበት እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ድረስ አልወረደም።

እነዚህ ሰዎች የሞቱት ጎረቤት አጥተው አይደለም። በጋራ ወጥ ቤት የበሉ፣ በጎረቤት ገመድ መድኃኒታቸውን ያቀዘቀዙ ይኖሩባቸዋል። ጎረቤት ገመድ መሳብ ይችላል፤ የከፍተኛ ኃይል መስመር መዘርጋት አይችልም። በገጀራ መንገድ መክፈት ይችላል፤ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ማስነሳት አይችልም። በፖርቶ ሪኮዋ ትንሽ ደሴት በቪዬኬስ ያለው ብቸኛ ሆስፒታል በማሪያ ተጎድቶ ሲዘጋ የኩላሊት ሕሙማኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ዋናው ደሴት እየተመላለሱ መታከም ነበረባቸው፤ ለዓመታት። የትኛው ጎረቤት ይህን ይተካል?

ለዚህ ነው ከአደጋው በኋላ ከየአቅጣጫው የጎረፈው ምስጋና የሚያሳስበኝ። ሹሙም ጋዜጠኛውም የእርዳታ ድርጅቱም «እንዴት ያለ ጠንካራ ሕዝብ!» አለ። ጥንካሬው እውነት ነው፤ ተገቢው ክብርም ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን በሦስተኛው ወር ጨለማ ውስጥ ላለች እናት ጥንካሬዋን ማመስገን ልጇን እንደ ማከም አይሆንም። ሕዝቡን በችሎታው ባመሰገኑት ቁጥር ከመንግሥት የሚጠበቀው እየቀነሰ ሄደ። የጋራ ወጥ ቤት የተከፈተው ግን መንግሥት ስላልነበረ ነው፣ መንግሥት እንዳይኖር አይደለም።

የቤት ካርታ ጉዳይ ሌላው ምሳሌ ነው። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማመልከቻ ተቀበለ። ለቤት ጥገና ገንዘብ ለመስጠት የባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። በፖርቶ ሪኮ ግን ከአያት በቃል የተወረሰ፣ አባት በራሱ እጅ የገነባው፣ ካርታ ያልወጣለት ቤት እጅግ ብዙ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተወልደው ባደጉበት ቤት የእናንተ መሆኑን አላረጋገጣችሁም ተብለው ተመለሱ። በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ጠበቆች ቃለ መሐላ እንዲበቃ ታገሉ፤ መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን በሰፊው ያሻሻለው ግን በ2021 ነው። እስከዚያ የዝናብ መከላከያው ሰማያዊ ሸራ ነበር። ለአንድ ወር የታሰበው ሸራ በብዙ ጣሪያ ላይ ሁለት የዝናብ ወቅት አሳልፎ ተቀደደ።

መውጣትም አንድ መቋቋሚያ ነው፤ እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባም። ከጁላይ 2017 እስከ ጁላይ 2018 የደሴቲቱ ሕዝብ በ130 ሺህ ያህል ቀነሰ። የሄዱት በአብዛኛው ሠርተው የሚያስተዳድሩት ናቸው፤ የቀሩት አረጋውያን ናቸው። ትምህርት ቤቶች በመቶዎች ተዘጉ። ከፍሎሪዳ የሚላክ ባትሪና ደረቅ ምግብ ብዙ ቤት አቁሟል፤ ግን ምሰሶ ላይ የሚወጣው ልጅ አብሮ አልመጣም።

ቁጣው የፈነዳው በ2019 ነው። በጁላይ የገዥው ሪካርዶ ሮሴዮና የቅርብ ሰዎቻቸው 889 ገጽ የስልክ መልእክት ልውውጥ በምርመራ ጋዜጠኞች እጅ ወጣ። ከውስጡ በአስከሬን ማቆያ ስለተከማቹት ሬሳዎች የተቀለደ ቀልድ ነበር። የማሪያን ሟቾች 64 ብሎ የቆጠረው መንግሥት በሬሳ ይስቅ ኖሯል። መቶ ሺዎች አደባባይ ወጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገዥው መልቀቂያ አስገቡ። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ደቡቡን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያናጋው በፖንሴ ከተማ በአንድ መጋዘን ውስጥ ከማሪያ ጊዜ ጀምሮ ሳይታደል የተቀመጠ ውሃ፣ የሕፃናት ምግብና የካምፕ አልጋ ተገኘ። ነዋሪዎቹ በሩን ሰብረው ገብተው ራሳቸው አደሉት። ይህን ዘረፋ ብሎ ሊጠራው የሚሞክር አይጠፋም። ለእነሱ የመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህስ? በሴፕቴምበር 2022 ፊዮና የተባለች ከማሪያ እጅግ የደከመች ሀሪኬን መጣች፤ ደሴቲቱ እንደገና ሙሉ በሙሉ ጨለመች። ካሳ ፑዌብሎና በዙሪያው ሶላር የገጠሙ ቤቶች በሩ። ይህን ያየ ሰው ተማረ፤ ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች ሶላርና ባትሪ ገጥመዋል፤ በአድሁንታስ የገበያው ሱቆች በጋራ የፀሐይ ኃይል መረብ ተያይዘዋል። ሕዝቡ ከማሪያ የወሰደው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ነገር ግን ባትሪ ውድ ነው። የሚገጥመው ብድር የሚያገኝ፣ የራሱ ጣሪያ ያለው፣ ካርታ የያዘ ሰው ነው። ጡረተኛው፣ በኪራይ ቤት ያለው፣ የመንግሥት ቤት ውስጥ የሚኖረው ከዋናው መስመር ጋር ይቀራል፤ ዋናው መስመር ደግሞ በዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ቀጥሎም በኤፕሪል 16 ቀን 2025 ነፋስ ሳይነፍስ በመላ ደሴቲቱ ማለት ይቻላል ጠፍቷል።

ለእነዚህ ሰዎች ታስቦ የተያዘ የፌዴራል ገንዘብ ነበር። በሜይ 2025፣ የኤፕሪሉ መጥፋት በተከሰተ በሳምንታት ውስጥ፣ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለጤና ጣቢያዎችና ለደሃ ቤተሰቦች መኖሪያ የፀሐይ ኃይል ሊውል የነበረውን 365 ሚሊዮን ዶላር አንሥቶ ለዋናው መረብ ጥገና አዞረ። መረቡ መጠገን አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የተነሳባቸው ሰዎች ከሴፕቴምበር 2017 እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ያለውን ጊዜ በሸፈነው ቆጠራ በብዛት የሞቱት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ደሃና አረጋዊ። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት በየዓመቱ ጁን 1 ይገባል።